ጃፓንን ለጃፓኖች ያስነበቡ ሴት፤ እኛንስ ማን ያስነብበን?

(ይህ ጽሑፍ አዲስ አበባ ውስጥ በተካሄደ አንድ የውይይት ስብሰባ ላይ በንግግር የቀረበ ነው። ተናጋሪው በኅብረተሰብ ጥናት መምህርነት ለረጅም ዓመታት የሠሩ ሲሆኑ ንግግራቸውን ለጋዜጣ እንዲመች ጥቂት አሳጥረው ሰጥተውናል። የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። - ዝግጅት ክፍሉ)



የዛሬውን ርእስ ስትሰሙ አንዳንዶቻችሁ «ደግሞ ጃፓን ምን አመጣት? የራሳችን ጉድ መች አለቀና!» ሳትሉ አልቀራችሁም። አልፈርድባችሁም። ነገር ግን ጃፓንን ወደ ቤታችን ያስገባናት ዛሬ እኔ አይደለሁም። ከገባች መቶ ዓመት አልፏታል።

እስቲ እናስታውስ። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ጃፓንን ለኢትዮጵያ ምሳሌ አድርገው ጽፈዋል። በ1931 የታወጀው የመጀመሪያው የተጻፈ ሕገ መንግሥታችን በ1889 ከወጣው የጃፓን የሜይጂ ሕገ መንግሥት ብዙ ነገር እንደቀዳ የታወቀ ነው። በዚያው ዓመት ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ጃፓን ድረስ ሄዱ፤ ያዩትንም በኋላ «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» በሚል መጽሐፍ አቀረቡልን። ርእሱ ራሱ ይናገራል፤ የብርሃን ማደሪያ! በ1964 ደግሞ ሻምበል አበበ ቢቂላ በቶኪዮ ጎዳናዎች ላይ ሮጦ ሁለተኛውን የማራቶን ወርቅ አመጣልን። በ2011 መንግሥት የካይዘን ኢንስቲትዩት የሚባል አቋቁሞ «የጃፓንን አሠራር ተማሩ» አለን።

እንግዲህ ልብ በሉ። መቶ ዓመት ሙሉ «እንደ ጃፓን እንሁን» ስንል ኖረናል። «ለመሆኑ ጃፓን ራሷ ምንድን ናት? ጃፓናዊው ከጎረቤቱ፣ ከአለቃው፣ ከሚስቱና ከምራቱ ጋር የሚኖረው እንዴት ነው?» ብሎ የጠየቀ ግን ስንት ነው? ይህን መጠየቅ የአንትሮፖሎጂ ባለሙያ ሥራ ነው። ዛሬ የማወራችሁ ዕድሜያቸውን በሙሉ በዚህ ሥራ ላይ ስላሳለፉ አንዲት ሴት ነው። ፕሮፌሰር ቺኤ ናካኔ ይባላሉ። በ1926 ቶኪዮ ተወለዱ፤ በ2021 በ94 ዓመታቸው አረፉ።

ማን ይናገር የነበረ?

ወደ እሳቸው ከመግባቴ በፊት ግን ከእሳቸው በፊት ጃፓንን ማን ይጽፋት እንደነበር ልንገራችሁ።

በዓለም ላይ ስለ ጃፓን ከተጻፉት መጻሕፍት ሁሉ በዝናው ግንባር ቀደም ከሆኑት አንዱ በ1946 የወጣው «ክሪሳንቴመምና ጎራዴ» ነው። ጸሐፊዋ ሩት ቤኔዲክት የተባሉ አሜሪካዊት አንትሮፖሎጂስት ናቸው። እኚህ ሴት ጃፓንን አንድም ቀን በእግራቸው ረግጠዋት አያውቁም። ጊዜው የጦርነት ጊዜ ነበር። በ1944 የአሜሪካ መንግሥት የጦርነት መረጃ ቢሮ «ይህ የምንዋጋው ሕዝብ ምን ዓይነት ሕዝብ ነው?» ብሎ ጥናት አዘዛቸው። እሳቸውም አሜሪካ ውስጥ የሚኖሩ ጃፓናውያንን እያነጋገሩ፣ ልብ ወለድ እያነበቡ፣ ፊልም እያዩ ጻፉ። ሥራው የብልህ ሰው ሥራ ነው፤ ይህን ማንም አይክደውም። በ1948 ወደ ጃፓንኛ ሲተረጎም ጃፓኖች ራሳቸው ተሻምተው አነበቡት። ይሁንና የእኛ ሰው «ማን ያርዳ የቀበረ፣ ማን ይናገር የነበረ» ይላል። በቦታው ያልነበረ ሰው የሚናገረው ምን ያህል ያስኬዳል?

የነበረስ አልነበረም ወይ? ነበረ እንጂ! ጆን ኤምብሪ የተባሉ ሌላ አሜሪካዊ ከባለቤታቸው ከኤላ ጋር በ1935 ወደ ደቡብ ጃፓን ሄደው፣ ኩማሞቶ በሚባለው ግዛት ሱዬ ሙራ በተባለች የገበሬ መንደር አንድ ዓመት ያህል ተቀምጠዋል። ኤላ ጃፓን ውስጥ ያደጉ ስለነበሩ ቋንቋውን እንደ አገሬው ይናገሩታል። ባልየው ስለ ሩዝ እርሻው፣ ስለ እቁቡና ስለ ደቦው ሲጽፉ እሳቸው ከመንደሩ ሴቶች ጋር እየተጫወቱ ማስታወሻ ይይዙ ነበር። (አዎ፣ እቁብና ደቦ ጃፓንም አለ፤ ስሙ ሌላ ነው እንጂ!) የኤምብሪ መጽሐፍ በ1939 ታተመ። የኤላ ማስታወሻ ግን የሴቶቹን ሕይወት ይዞ መጽሐፍ ሆኖ ለመውጣት እስከ 1982 ጠበቀ። ኤምብሪ በ1950 በመኪና አደጋ ገና በ42 ዓመታቸው ሞቱ። ከመሞታቸው በፊት አንድ ነገር አጥብቀው ይቃወሙ ነበር። «የአንድ ሕዝብ ጠባይ እንዲህ ነው» እያሉ አንድን ሙሉ አገር እንደ አንድ ግለሰብ መተንተን አደጋ አለው ይሉ ነበር።

የቤኔዲክት መጽሐፍ በየመደብሩ ሲሸጥ የኤምብሪ በቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ ላይ ቀረ። ዓለም አጭር መልስ ትወዳለች። ለምን ትሉኝ እንደሆን፣ አጭር መልስ ለሹም ይመቻል፤ ለዘመቻም ይመቻል። አንድ ዓመት ጭቃ ረግጦ የመጣ ሰው ግን የሚነግራችሁ አጭር አይሆንም።

ከቤጂንግ እስከ አሳም

አሁን ወደ ናካኔ እንምጣ። የልጅነታቸውን ከፊል ያሳለፉት በቻይና፣ በቤጂንግ ከተማ ነው። ከአገር ውጭ ያደገ ልጅ አንድ ነገር ይማራል፤ ሰው የሚኖርበት መንገድ አንድ ብቻ እንዳልሆነ። ከጦርነቱ በኋላ፣ በ1947፣ ቶኪዮ ዩኒቨርሲቲ ገቡ። ይህ ዩኒቨርሲቲ ለሴቶች በሩን የከፈተው ገና በ1946 ነበር። ስለዚህ ከመጀመሪያዎቹ ሴት ተማሪዎች አንዷ ናቸው ማለት ነው። የተማሩት የምሥራቅ አገሮችን ታሪክ ነው፤ ልባቸው የነበረውም ቲቤትና መካከለኛው እስያ ላይ ነው። በ1952 በዚያው ዩኒቨርሲቲ ሥር ባለው የምሥራቅ ባህል ጥናት ተቋም በረዳትነት ተቀጠሩ።

ከ1953 ጀምሮ ለሦስት ዓመት ያህል ሕንድ አገር ሄዱ። በዚያን ጊዜ ጃፓን በጦርነት ተሸንፋ፣ ከተሞቿ ተቃጥለው፣ ገና ከአመድ እየተነሳች የነበረች ድሃ አገር ናት። ያቺ ድሃ አገር አንዲት ወጣት ሴት ምሁር አሳም ጫካ ውስጥ ገብታ የሌላውን ሕዝብ አኗኗር እንድታጠና ፈቀደች። «ይህ ምን ይፈይድልናል? መጀመሪያ ዳቦ!» ያለ ሰው አልነበረም አልልም፤ እሳቸው ግን ሄዱ።

እዚያ ያጠኑት ጋሮና ካሲ የሚባሉትን ሕዝቦች ነው። እነዚህ ዘር የሚቆጠርባቸው በእናት ነው። በካሲዎች ዘንድ የቤተሰቡን ቤትና ንብረት የምትወርሰው የመጨረሻዋ ሴት ልጅ ናት። በጋሮዎች ዘንድ ደግሞ ከሴቶቹ ልጆች አንዷ ተመርጣ ወራሽ ትሆናለች። እስቲ አስቡት! ወንድ ልጅ ቤቱን ይወርሳል ከሚል አገር የሄደች ሴት፣ ሴት ልጅ ቤቱን በምትወርስበት አገር ተቀምጣ ስትጽፍ። ከዚያም ለንደን ሄደው በለንደን የኢኮኖሚክስና የፖለቲካ ሳይንስ ትምህርት ቤት የእንግሊዞችን የአንትሮፖሎጂ ስልት ቀሰሙ። በኋላም በቺካጎና በለንደን አስተማሩ። ስለ ጋሮና ካሲ የጻፉት መጽሐፍ በ1967 ወጣ። ስለ ጃፓን ገጠር ዝምድናና ኢኮኖሚ የጻፉትም በዚያው ዓመት ወጣ።

ይህን ሁሉ የምዘረዝረው ለታሪክ ብዬ አይደለም። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ሥሩን ላሳያችሁ ብዬ ነው። ናካኔ ስለ ዘመናዊቷ ጃፓን ከመናገራቸው በፊት ከአሥር ዓመት በላይ የሌላውን ሕዝብ ኑሮ ሲመረምሩ ቆይተዋል። የራሱን ቤት ብቻ የሚያውቅ ሰው የራሱንም ቤት አያውቀውም። ሁሉም ቤት እንደዚያ ይመስለዋልና።

መሰላሉ

በ1964፣ የእኛ አበበ ቶኪዮ ላይ ባሸነፈበት ዓመት፣ ናካኔ «ቹኦ ኮሮን» በተባለ ታዋቂ መጽሔት ላይ ስለ ጃፓን ኅብረተሰብ አሠራር አንድ ጽሑፍ አወጡ። ጽሑፉ አገሩን አነጋገረ። በ1967 ተስፋፍቶ ትንሽ መጽሐፍ ሆነ፤ ከአንድ ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጠ። በ1970 «የጃፓን ኅብረተሰብ» በሚል ርእስ በእንግሊዝኛ ወጣ። በዚያው ዓመት የቶኪዮ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያዋ ሴት ሙሉ ፕሮፌሰር ሆኑ።

መጽሐፉ ምን ይላል? በአጭሩ ላስረዳ።

ሰዎች በሁለት መንገድ ይሰባሰባሉ ይላሉ ናካኔ። አንደኛው በመሰሎቻቸው ነው። ዘር፣ ሙያ፣ ወገን፣ መደብ። ይህን ጃፓኖች «ሺካኩ» ይሉታል። ሁለተኛው በሚገኙበት ቦታ ነው፤ «ባ» ይባላል። ቤት፣ መንደር፣ ኩባንያ። የሕንድ ሰው ክብደት የሚሰጠው ለመጀመሪያው ነው፤ የየትኛው ወገን ሰው መሆኑ ይቀድማል። የጃፓን ሰው ግን ለሁለተኛው ነው። ከማያውቀው ሰው ጋር ሲተዋወቅ «መሐንዲስ ነኝ» ከማለት ይልቅ «የእገሌ ኩባንያ ሰው ነኝ» ማለት ይቀናዋል። መሐንዲስ ይሁን ሹፌር ቀጥሎ የሚመጣ ጥያቄ ነው።

የዚህ ሥሩ ቤት ነው፤ «ኢኤ» ይሉታል። በዚህ ቤት ደም ብቻውን ዋጋ የለውም። ወንድ ልጅ የሌለው ሰው የልጁን ባል በልጅነት ወስዶ፣ የቤቱን ስም አውርሶ፣ ወራሽ ያደርገዋል። አግብታ የሄደች እህት የሌላ ቤት ሰው ሆነች ማለት ነው፤ ከውጭ የመጣችው ምራት ግን የቤቱ ናት። እኛ አገር «እህቴን ማን ነካት!» ብሎ ዱላውን ይዞ የሚነሳ ወንድም አይጠፋም። በናካኔ አገላለጽ የጃፓኗ ምራት ከአማቷ ጋር ብትጣላ ከዚያው ከገባችበት ቤት ውስጥ ሆና ራሷ ትወጣዋለች እንጂ የወንድሞቿ ጦር አይደርስላትም።

በአንድ ቤት የተሰባሰቡት ሰዎች ታዲያ የሚተሳሰሩት ጎን ለጎን አይደለም፤ ከላይ ወደ ታች ነው። «ታቴ» የሚለው ቃል ይህን ነው የሚገልጸው። ቀድሞ የገባው «ሴምፓይ» ነው፤ ኋላ የመጣው «ኮሃይ»። በአንድ ዓመት ልዩነት የተቀጠሩ ሁለት ሰዎች እንኳ እኩል አይደሉም። ማን ከማን በላይ እንደሚቀመጥ፣ ማን ለማን ዝቅ ብሎ እጅ እንደሚነሳ፣ ማን ቀድሞ እንደሚናገር መሰላሉ ይወስነዋል። ሁለት ኩባንያዎች አንድ ዓይነት ዕቃ ሲሠሩ ሠራተኞቻቸው እንደ ሙያ ጓዶች አይተያዩም፤ እንደ ባላንጣ እንጂ። ለዚህም ነው የሠራተኛ ማኅበሩ ሳይቀር በየኩባንያው የታጠረው።

ስለ መሪ የሚሉትም ጆሮ የሚስብ ነው። መሪው እንደ ልቡ የሚያዝ ፈላጭ ቆራጭ አይደለም። ከሥሩ ያሉት ሰዎች አስረው ይይዙታል። በጣም ጎበዝ መሆንም አይጠበቅበትም፤ ሰዎቹን በፍቅር አቅፎ መያዝ ከቻለ ሥራውን እነሱ ይሠሩለታል። ነገር ግን መሪው በሞተ ወይም በተነሳ ጊዜ ቡድኑ ይሰነጠቃል። ምክንያቱም የበታቾቹ የተሳሰሩት በእሱ በኩል እንጂ እርስ በርሳቸው አልነበረም። (አዳራሹ ውስጥ ሳቅ ሰማሁ። እኔ እኮ የማወራው ስለ ጃፓን ነው!)

መንግሥት ሲያጨበጭብ

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚከረው።

በ1960ዎቹ መጨረሻ ጃፓን ከካፒታሊስቱ ዓለም በኢኮኖሚ ሁለተኛ ሆና ብቅ አለች። ዓለም «ምን በልታ ነው?» ብሎ ጠየቀ። ናካኔ ያቀረቡት የምርምር መላ ምት ነበር። ጥሩውንም መጥፎውንም ይዟል፤ የቡድን መፋጀት አለበት፣ ለውጭ ሰው ደንታ ማጣት አለበት፣ ከመሰላሉ የወረደ ሰው የሚገባበት ማጣቱም አለበት። ሰው ግን የሚፈልገውን ብቻ መርጦ ወሰደ። የኩባንያ አለቆች «አያችሁ፣ እኛ አንድ ቤተሰብ ነን፤ አድማ ከባህላችን ውጭ ነው» ለማለት ተመቻቸው። በ1972 የጃፓን ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር የመጽሐፉን አሳጥሮ የተረጎመ ጽሑፍ ለውጭ አገር ሰዎች በእንግሊዝኛ አሳተመ። የምሁሯ ምርምር የመንግሥት መታወቂያ ካርድ ሆነ።

እስቲ እንጠይቅ። ምሁር መንግሥት ሲያሳድደው ምን ማድረግ እንዳለበት ብዙ ተጽፏል። መንግሥት ሲያጨበጭብለትስ? ይሄኛው ፈተና ከመጀመሪያው አይቀልም። የሚታሰር ምሁር ቢያንስ ከማን ጋር እንደተጣላ ያውቃል። የሚጨበጨብለት ግን ቃሉ ከእጁ ወጥቶ የሰው መሣሪያ ሲሆን ላያስተውል ይችላል።

ናካኔን መንግሥት ገዛቸው እያልኩ አይደለም። እንዲህ የሚል ሰው ሥራቸውን አላነበበም። የምለው ሌላ ነው። አንድ ጥናት ከጥናት አዳራሽ ወጥቶ የባለሥልጣን መፈክር ሲሆን፣ መጀመሪያ የሚጠፋው «ምናልባት» የምትለዋ ቃል ናት። ሁለተኛ የሚጠፉት በጥናቱ ውስጥ ያልተካተቱት ሰዎች ናቸው።

ከመሰላሉ ሥር ያሉት

ተቃውሞው ብዙ አልዘገየም፤ የመጣውም ከሞያ አጋሮቻቸው ነው። ሐሩሚ ቤፉ የተባሉት አንትሮፖሎጂስት፣ ዮሺዎ ሱጊሞቶና ሮስ ማወር የተባሉት የኅብረተሰብ ጥናት ባለሙያዎች «የትኛውን ጃፓን ነው የምትነግሩን?» ብለው ተነሱ። ዕድሜ ልኩን በአንድ ትልቅ ኩባንያ ተቀጥሮ የሚጦረው ሰውዬ ከሠራተኛው ሕዝብ ጥቂቱ ነው። ከአሥር ሠራተኞች ሰባት ያህሉ የሚሠሩት በአነስተኛና በመካከለኛ ድርጅቶች ነው። ሴቶቹስ? በሰሜን ያሉት አይኑዎችስ? በዘር ሐረጋቸው ምክንያት ለዘመናት የተገለሉት ቡራኩሚኖችስ? ጃፓን ተወልደው ጃፓን የሚያረጁት ኮሪያውያንስ? የጃፓን ፓርላማ አይኑዎች ጥንታዊ ነባር ሕዝብ ናቸው ብሎ በውሳኔ የተቀበለው በ2008 ነው። እስከዚያ ድረስ «እኛ አንድ ዘር፣ አንድ ባህል ነን» የሚለው ዘፈን ያለ ከልካይ ይዘፈን ነበር።

ቤፉ በ2001 ባወጡት መጽሐፍ ላይ አንድ ብርቱ ነገር ይላሉ። ከጦርነቱ በኋላ ባንዲራውም፣ መዝሙሩም፣ ንጉሠ ነገሥቱም በጦርነቱ ስለቆሸሹ ሕዝቡ ራሱን የሚያይበት ምልክት አጣ፤ ያንን ባዶ ቦታ የሞላው «ጃፓናዊ ማለት እንዲህ ነው» የሚለው የመጽሐፍ ጎርፍ ነው ይላሉ።

ሌሎቹ ደግሞ ክርክሩን ትተው እግራቸውን አነሱ። ዶሪን ኮንዶ የተባሉት የጃፓን ዘር ያላቸው አሜሪካዊት አንትሮፖሎጂስት ቶኪዮ ውስጥ በአንዲት አነስተኛ የጣፋጭ ፋብሪካ ከሠራተኞቹ ጋር ተሰልፈው ሠርተው በ1990 መጽሐፍ አወጡ። «ኩባንያችን ቤታችን ነው» የሚለውን የአለቃ ቃል ሠራተኞቹ አንዳንዴ ያምኑበታል፤ አንዳንዴ ይስቁበታል፤ አንዳንዴም «ቤተሰብ ከሆንን ይህ ምን ማለት ነው?» ብለው መልሰው አለቃውን ይሞግቱበታል። አን አሊሰን በበኩላቸው በ2013 ባሳተሙት መጽሐፍ ቋሚ ሥራ ስላጡ ወጣቶችና ብቻቸውን ሞተው ቀን ስለሚቆጠርባቸው አረጋውያን ጽፈዋል።

ቁጥሩም ይህንኑ ይናገራል። በ1990 ከአምስት ተቀጣሪዎች አንዱ ያህል ነበር ቋሚ ያልሆነ። ዛሬ ከሦስት አንድ በላይ ሆኗል። በ2008 መጨረሻ፣ የዓለም ገንዘብ ቀውስ ሲመጣ፣ ፋብሪካዎች በውል የቀጠሯቸውን ሠራተኞች አሰናበቱ። ብዙዎቹ የሚኖሩት በኩባንያ ማደሪያ ስለነበረ ሥራና ቤት በአንድ ቀን አጡ። በአዲስ ዓመት ዋዜማ በቶኪዮ እምብርት፣ በሂቢያ መናፈሻ፣ በጎ ፈቃደኞች ድንኳን ተክለው ሾርባ ሲያድሉ 500 ያህል ሰዎች ተሰበሰቡ። ቦታው ሚኒስቴር መሥሪያ ቤቶች ያሉበት ሠፈር ነው። ሰው ማንነቱን ከቦታው የሚያገኝ ከሆነ፣ ቦታ ያጣ ሰው ምን ይባላል? የናካኔ ንድፈ ሐሳብ በአንድ በኩል እዚያ ድንኳን ውስጥ ወደቀ፤ በሌላ በኩል እዚያው ድንኳን ውስጥ ተረጋገጠ።

እኚህ ሴት የምር ምሁር መሆናቸውን የምታውቁት ደግሞ ቀጥሎ ባለው ነው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንላለን። ናካኔ በዘጠናዎቹ ዕድሜያቸው፣ በ2019፣ ያንን የ1967 መጽሐፋቸውን ከዛሬዋ ጃፓን ጋር አፋጥጠው ሌላ ትንሽ መጽሐፍ አወጡ። ቋሚ ስላልሆኑ ሠራተኞች፣ ስለ ረጅም የሥራ ሰዓት፣ ብቻውን ስለሚሞት ሰው አነሱ። ከሃምሳ ዓመት በላይ የኖረን ሐሳብ እንደገና ወደ ፍርድ ሸንጎ አቀረቡት ማለት ነው። ጡረታ የወጡት በ1987 ነበር። በ1995 የጃፓን አካዳሚ የመጀመሪያዋ ሴት አባል ሆኑ፤ በ2001 የባህል ኒሻን ተሸለሙ። ሌላው ቢሆን ኒሻኑን ደረቱ ላይ ሰክቶ ይተኛ ነበር።

አንድ ነገር ልጨምር። የመሰላሉን ታሪክ የጻፉት ሴት ራሳቸው በመሰላሉ ላይ ብቻቸውን ነበሩ። ከእሳቸው በኋላ በሩ ወለል ብሎ ተከፈተ እንዳትሉኝ። ዛሬም በቶኪዮ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች ውስጥ ሴቶች ከአምስት አንድ ያህል ናቸው። አንዲት ሴት ወደ ላይ ወጣች ማለት መሰላሉ ተሰበረ ማለት አይደለም።

ለእኛስ?

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ።

ስለ እኛስ ማን ጻፈ? ዶናልድ ሌቪን በ1965 «ሰምና ወርቅ» ብለው ስለ አማራው ባህል ሲጽፉ፣ ብዙዎቻችን ራሳችንን በፈረንጅ መስተዋት አየን፤ የተደሰተም ነበረ፣ የተናደደም ነበረ። ከእኛ ወገን የአስመራው ተወላጅ ፕሮፌሰር አስመሮም ለገሠ በ1973 «ገዳ»ን ጽፈው የቦረናን ሥርዓት ለዓለም አሳዩ። ካትሱዮሺ ፉኩይ የተባሉ ጃፓናዊ አንትሮፖሎጂስት ደግሞ ኦሞ ሸለቆ ድረስ ወርደው የቦዲ ሰዎች የከብቶቻቸውን ቀለም እንዴት እንደሚሰይሙ ሲያጠኑ ኖረዋል። ጃፓናዊው የቦዲን በሬ ቀለም ለማወቅ ያን ሁሉ አገር አቋርጦ ይመጣል። ከእኛስ ቶኪዮ ወርዶ የአንድን ጃፓናዊ ገበሬ ማሳ ወይም የአንድን ፋብሪካ ሠራተኛ ጓዳ ለዓመት የተቀመጠበት ማነው?

ስለዚህ ነው «ከጃፓን እንማር» የሚለው ቃል ሁልጊዜ ግማሹ የሚጎድለው። በ1931 ሕገ መንግሥቱን ስንቀዳ የንጉሠ ነገሥቱን ክብር የማይነካ የሚያደርገውን አንቀጽ በደንብ ቀድተናል። ጃፓንን ጃፓን ያደረገው ግን አንቀጹ ብቻ ነበር? የመንደሩ ትምህርት ቤትስ? ኤምብሪ ያዩት እቁብና ደቦስ? በ2011 ካይዘንን ስናመጣም እንዲሁ። ካይዘን ጃፓን ውስጥ ያደገው ሠራተኛው «ነገም እዚሁ ነኝ» ብሎ በሚያስብበት ፋብሪካ ነው። ነገ እንደሚባረር የሚያውቅ ሰው ሥራ የሚያሻሽል ሐሳብ ለምን ይሰጣል? ወለሉን መጥረግና ዕቃውን በቀለም መለየት ጥሩ ነው፤ ማን ይጠላል! ግን ከወለሉ በፊት በአለቃና በሠራተኛ መካከል ያለው ነገር መጠናት ነበረበት። ያንን የሚያጠናው ደግሞ ከውጭ የመጣ አማካሪ አይደለም።

እዚህ ላይ ሦስት ነገር ብዬ ላብቃ።

አንደኛ፣ ለምሁር ጊዜ ስጡት። ናካኔ ከተቀጠሩበት ከ1952 እስከ ታወቁበት እስከ 1964 አሥራ ሁለት ዓመት ነው። በእኛ ዘመን ተመራማሪ ሦስት ሳምንት ገጠር ወጥቶ፣ መጠይቅ አስሞልቶ፣ ለረጂ ድርጅት ዘገባ ካላስገባ ደመወዙ አይበቃውም። በሦስት ሳምንት የሰውን መጠይቅ መሙላት ይቻላል፤ ሰውን ማወቅ ግን አይቻልም።

ሁለተኛ፣ «የእኛ ሕዝብ ጠባዩ እንዲህ ነው» የሚለውን ሰው፣ ምሁርም ሆነ ሹም፣ «የትኛው ሕዝብ? የቱ ጋ ሄደህ አየኸው?» በሉት። «ሐበሻ ለሥልጣን ይገዛል»፣ «ሐበሻ ተባብሮ መሥራት አያውቅም»፣ «ሐበሻ ምቀኛ ነው» እየተባለ በየቡና ቤቱ የሚወራው ሁሉ ያልተመረመረ ወሬ ነው። ወሬው ደግሞ ንጹሕ አይደለም። ሕዝቡን «ባህሉ ነው» ያለ ሰው፣ ቀጥሎ «ስለዚህ ሌላ አይገባውም» ማለቱ አይቀርም።

ሦስተኛ፣ ለምሁሩ ራሱ። ሥራህን መንግሥት ሲወድልህ፣ ተቃዋሚም ሲወድልህ፣ እኛ ጋዜጠኞችና ተናጋሪዎችም ስንወድልህ፣ ያቺን «ምናልባት» የምትለዋን ቃል ማን እንደሰረቀብህ ዞር ብለህ ፈልግ። ከሥዕሉ ውጭ የቀሩትን ሰዎች ቁጠራቸው። በኋላ ሲያነሱብህ ከምትሰማው፣ አንተ ቀድመህ ብታነሳው ይሻላል።

ጃፓኖች ስለ ራሳቸው ተከራክረው አልጨረሱም። ናካኔን የሚያመሰግነውም የሚሞግተውም እዚያው አገር፣ በዚያው ቋንቋ፣ በየመጽሔቱና በየመጻሕፍት መደብሩ ይጽፋል፤ ሕዝቡም ገዝቶ ያነባል። በአንትሮፖሎጂ ላይ የተጻፈ መጽሐፍ ሚሊዮን ሲሸጥ ገዢው ፕሮፌሰር ብቻ ሊሆን አይችልም። የባቡር ተሳፋሪው፣ የቢሮ ጸሐፊዋ፣ ባለ ሱቁ ነው ያነበበው። ከጃፓን የምንቀናበት ነገር ካለ እኔ የምቀናው በፈጣኑ ባቡር አይደለም፤ ባቡሩ ውስጥ ተቀምጦ ስለ ራሱ በሚያነበው ሰው ነው።

ጥያቄ ያለው ይጠይቅ፤ ሴምፓይ ቅድሚያ ይሰጠኝ የሚል ካለ ግን ዛሬ ተራ በእጅ አወጣጥ ነው።